የአንድ ቀን ጌጥ

የሰውን ልጅ ከሌላው ፍጥረት ከሚለዩት ነገሮች አንዱ ጌጥ መውደዱ ነው። ወፍ ላባዋን፥ አበባም ቀለሟን ከተፈጥሮ ታገኘዋለች እንጂ አስባና ደክማ አትሠራውም። ሰው ግን ራቁቱን ተወልዶ፥ ልብሱን ፈትሎና ሸምኖ ከለበሰ በኋላ እንኳ በልብሱ ብቻ አይረካም፤ ጫፉን በቀለም ያሳምራል፥ ፀጉሩን ይጎነጉናል፥ የቤቱን ደጃፍ ያስጌጣል። የሚወደውም ሰው የሚከበርበት ቀን ሲደርስ ያንን ሰው የሚያስጌጥበት ነገር ይፈልጋል። ድኻይቱ እናት እንኳ ለልጇ ዳቦ ከገዛች በኋላ ጥቂት ሳንቲም ቢተርፋት ለፀጉሯ ማሰሪያ ሪባን ትገዛበታለች።

ይህ ጠባይ የሚመሰገን ነውን ወይስ የሚነቀፍ? ስለ ጌጥ በጠቅላላው እንናገር ብንል ነገሩ ይሰፋብናል። ስለዚህ ጥያቄውን አጥብቤ አንዲቱን ብቻ ልመርምር፤ ይኸውም፥ አንድ ቀን ተለብሶ በማግሥቱ ለሚሰቀል ጌጥ ብዙ ሌሊት መድከም ተገቢ ነው ወይ? የሚለው ነው። ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በምኖርበት ሀገር የተማሪ ቤት በዓል በደረሰ ጊዜ ሪባን መጎንጎን ተምሬ፥ ጣቶቼ በሥራ ተይዘው ሐሳቤ ግን ነፃ በሆነባቸው ማታዎች የመጣብኝ ነው።

አስቀድሜ ልማዱን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። በአሜሪካ ተማሪ ቤቶች በመስከረምና በጥቅምት ወራት «ሆምካሚንግ» የሚሉት በዓል አለ፤ ትርጓሜው ወደ ቤት መመለስ ማለት ነው። ቀድሞ የተማሩት ሰዎች ወደ አሳደጋቸው ተማሪ ቤት ተመልሰው ከአዲሶቹ ተማሪዎች ጋራ የኳስ ጨዋታ የሚያዩበትና የሚደሰቱበት ቀን ነው። በቴክሳስ ያለው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ1909፥ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲም በ1911 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን በዚህ ዓይነት ጠርተው ነበርና ብዙ ሰው የበዓሉን መጀመሪያ ከነዚያ ዓመታት ይቆጥራል። ከዚያም ልማዱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ወረደ።

በቴክሳስ ግን ከሌላው የአሜሪካ ክፍል የተለየ ነገር ተጨመረበት። በዚያ ወራት ከሚያብቡት አበቦች አንዱ ክሪሳንቲመም የሚባለው ሲሆን ሰዎቹ ስሙን አሳጥረው «ማም» ይሉታል። ቀድሞ ወንዱ ተማሪ ለሚጋብዛት ልጃገረድ አንድ እውነተኛ ማም በጥቂት ሪባን አስሮ ይሰጣት፥ እርሷም በደረቷ ላይ ትሰካው ነበር። እያደር ሪባኑ ረዘመ፤ ከ1970ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ወዲህም ሕያው አበባው እየቀረ በጨርቅ የተሠራ፥ የማይጠወልግ አበባ ተተካበት። በዚህም ላይ ቃጭሉ፥ የድብ አሻንጉሊቱ፥ በባትሪ የሚበራው መብራት ተንጠለጠለ። ዛሬ ማም የሚባለው ከደረት ጀምሮ እስከ ጉልበት፥ አልፎ አልፎም እስከ እግር ድረስ የሚወርድ የሪባን ፏፏቴ ሆኖአል። ትልቁን መርፌ ቁልፍ አይችለውምና በአንገት ይንጠለጠላል። ወንዶቹም ከዚሁ ዓይነት አነስ ያለውን በክንዳቸው ያስራሉ። ዓርብ ቀን ክፍል ውስጥ ይውሉበታል፥ ማታ ጨዋታውን ያዩበታል፤ ከዚያ በኋላ ጌጡ በመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እንግዲህ ያ ሁሉ ድካም ለአንድ ቀን ነው ማለት ነው።

አበባው ራሱ ስለ ጌጥ አንድ ነገር ያስተምራል። ይኸው ክሪሳንቲመም በፈረንሳይ ሀገር በኅዳር መግቢያ ሰዎች ወደ ዘመዶቻቸው መቃብር የሚወስዱት የሐዘን አበባ ነው። በጃፓን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ምልክት ነው። በቴክሳስ የልጃገረድ ደስታ ሆነ። መስከረም ሲጠባ ሜዳችንን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባም ከዚሁ አበባ ጋራ በአንድ ትልቅ የዕፅዋት ቤተ ሰብ የሚቆጠር ነው፤ የኛ ልጃገረዶችም በዕንቁጣጣሽ ቀን ከለምለም ሣር ጋራ አስረው ከደጅ ደጅ እየዘፈኑ ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክቱታል። አበባው በራሱ ደስታን ወይም ሐዘንን፥ ትሕትናን ወይም ትዕቢትን አያውቅም። ጌጥ ትርጓሜውን የሚያገኘው ከሚሰጠው ሰውና ከሚሰጥበት መንገድ ነው። ስለዚህ የጌጥን ነገር ለመፍረድ ጌጡን ሳይሆን ሰዎቹን መመልከት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልማድ የሚከራከሩት ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ነገሩ ከንቱ ነው ይላል። በመቶ የሚቆጠር ዶላር ወጥቶበት ለአንድ ቀን የሚለበስ ነገር ብክነት ነው፤ ልጆችን ለታይታ ያለማምዳል፤ ያለውን ከሌለው በግልጥ ይለያል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሰው በዳቦ ብቻ አይኖርም ይላል። ልጅነት አንዴ ካለፈ አይመለስም፤ ሠርግም የአንድ ቀን ነው፤ ነገር ግን ለሠርግ የሚደክመውን ሰው ማንም ሞኝ አይለውም ይላል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ሲቆሙ ደግሞ በዳር ቆሞ ከመፍረድ ገባ ብሎ ሥራውን መቅመስ ይሻላል።

የምኖረው በዳላስ አጠገብ ባለችው በጋርላንድ ከተማ ነው። በዚያ አካባቢ የሀገራችን ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ልጆቻችንም የሚያድጉት በሁለት ሀገር ልማድ መካከል ነው። ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በነበረችበት ዓመት ማም ይኖራት ዘንድ ለመነችኝ። ጎረቤታችን፥ እዚያው ቴክሳስ ተወልደው ያረጁት ሴት፥ ለሴት ልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ሲሠሩ የኖሩ ናቸውና «የሱቁን ዋጋ ከመክፈልህ በፊት ና፥ መጎንጎኑን ላሳይህ» አሉኝ። እኔም ሦስት ሳምንት ያህል ከሥራ ስመለስ በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ተማርሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ስፋታቸው እኩል፥ ቀለማቸው ግን የተለያየ ሁለት ሪባኖች ጫፋቸው አንድ ላይ ይታሰራል። አንደኛው ሪባን ታጥፎ ቀለበት ይሆናል። የሁለተኛው ሪባን እጥፋት በዚያ ቀለበት ውስጥ ይገባና እርሱም በተራው ቀለበት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የአንደኛው ዘርፍ ሲሳብ ቀለበቱ ጠብቆ ሁለተኛውን ይይዘዋል። እንደገና አንደኛው ይታጠፋል፥ በሁለተኛው ቀለበት ይገባል፥ አሁን ደግሞ የሁለተኛው ዘርፍ ይሳባል። እንዲህ አንዱ ሲያስገባ ሌላው ሲይዝ፥ አንዱ ሲይዝ ሌላው ሲያስገባ፥ የሁለቱ ቀለም እየተፈራረቀ እንደ ሰንሰለት ይወርዳል። ሌሎችም የአጎነጓጎን ዓይነቶች አሉ፤ አንዳንዱ እንደ ወታደር ማዕርግ ምልክት ሹል ሹል ሆኖ ይታጠፋል። ጉንጉኖቹ ሲያልቁ በክብ ካርቶን ላይ በስቴፕለርና በቀለጠ ሙጫ ይያያዛሉ፤ ዙሪያው በሪባን ቅጠል ይከበባል፤ በመካከሉ አበባው ይቀመጣል።

ይህ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሲይዙት ግን ጠባይን ይመረምራል። ሪባን ሁለት ፊት አለው፤ አንደኛው ያበራል፥ ሁለተኛው ደብዛዛ ነው። በእያንዳንዱ እጥፋት የሚያበራው ፊት ወደ ውጭ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ሐሳብ ከሸሸ ሪባኑ ይገለበጣል፤ የተገለበጠውም የሚታየው ከብዙ እጥፋት በኋላ ነውና እስከዚያ ድረስ መፍታት ያስፈልጋል። ደግሞም የመሳቡ ኀይል እኩል መሆን አለበት። እጅግ ከጠበቀ ጉንጉኑ ይጣመማል፤ ከላላም ይዝረከረካል። ተቆጥቶ የተቀመጠ ሰው ያጠብቃል፥ የሰለቸው ያላላል። አሮጊቲቱ ሥራዬን በጣታቸው ዳብሰው «እዚህ ላይ ስልክ መጥቶልህ ነበር» ይሉኝ ነበር፤ እውነትም ነበር።

ሦስተኛው ነገር፥ ጉንጉን ሪባን ይበላል። አንድ ክንድ ጉንጉን ለማግኘት ብዙ ክንድ ሪባን ይታጠፋል፤ ከሚታየው ይልቅ በእጥፋቱ ውስጥ የተሰወረው ይበዛል። አራተኛውና ዋናው ግን የጫፉ ነገር ነው። ጉንጉኑ ምንም ያህል ቢያምርና ቢጠብቅ መጨረሻው ካልታሰረ በአንድ ስበት እስከ ሥሩ ይፈታል። እያንዳንዱ ቀለበት የቆመው ቀጥሎ ያለው ስለ ያዘው ነው፤ የመጨረሻውን የሚይዝለት ግን የለምና የሰው እጅ ያስፈልገዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ መጀመሪያ ያስተዋልሁት ይህ ነው። በማሙ ላይ ከሚወርዱት ሪባኖች ሁለቱ ሰፋፊዎች ናቸው፤ በእነርሱም ላይ በሚያብለጨልጭ ፊደል ስም ይጻፋል። በአንደኛው የልጅቱ፥ በሁለተኛው የጋበዛት ወጣት ስም ነው፤ ጋባዥ ከሌለም የተማሪ ቤቱ ስም ወይም ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበታል። የሠራው ሰው ስም ግን አይጻፍም። ለሠሪው የሚሆን ስፍራ በጌጡ ላይ የለም። ይህንን ሳይ የሀገራችን የጥለት ሥራ ትዝ አለኝ። በነጠላና በቀሚስ ጫፍ የምናየው ጥለት ድርና ማግ እየተቆጠረ፥ ቀለም እየተለዋወጠ የሚሠራ እጅግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ጥበብ ነው። ለባሹን ሁሉ ሰው ሲያደንቀው ኖሮአል፤ ሸማኔው ግን በሙያው ሲሰደብ ኖሮአል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድቡትን የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ስድቡ በሀገሩ ሥር ሰዶ ስለ ነበረ ነው። ጌጡን እያከበሩ ሠሪውን መናቅ ፍሬውን በልቶ ዛፉን እንደ መርገም ነው።

ሆኖም ስም ሳይጻፍ መሥራት ሁሉ ውርደት ነው ማለት አይደለም። ሰው ስሙን ቢነፈግ ይበደላል፤ ወድዶ ቢተወው ግን ፍቅር ያደርገዋል። የልጁን ማም ሲጎነጉን የሚያመሽ ወላጅ ስሙ እንዲጻፍ አይሻም። ያ ጉንጉን ግን የጊዜው መዝገብ ነው፤ በእጥፋቱ ውስጥ እንደ ተሰወረው ሪባን፥ የሰጠው ጊዜ ሳይታይ በውስጡ አለ። እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ ግማሽ መልስ እዚህ ይገኛል። ጌጡ የአንድ ቀን ቢሆንም በውስጡ ያለው ሐሳብ የአንድ ቀን አይደለም። ስለ አንድ ሰው እያሰቡ ሃያ ማታ መቀመጥ፥ ከዚያ የሚወጣው ነገር ቢጠወልግም ባይጠወልግም፥ ሰውየውን የማክበር ሥራ ነው። ከንቱ የሚባለው ሐሳብ የሌለበት ጌጥ ነው፤ እርሱ ዕድሜው መቶ ዓመት ቢሆንም ከንቱ ነው።

ነገር ግን ይህ ግማሽ መልስ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብናቆም ራሳችንን እናታልላለን። ብዙ ሰው «የእጅ ሥራ ከተገዛው ይሻላል፥ ፍቅር እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም» ብሎ በዚያው ይረካል። ይህ አባባል ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጊዜ ያለው ሰው አባባል ነው።

ልጄ በክፍሏ አንዲት ባልንጀራ ነበረቻት፤ የሀገራችን ሰው ልጅ ናት። እናቲቱ ሌሊት በመጋዘን ዕቃ ስታሽግ ታድራለች፤ ቀን ደግሞ አረጋውያንን ስትጦር ትውላለች። በመካከሉ የምታገኘው ጥቂት ሰዓት ለእንቅልፍም አይበቃም። ባልንጀራይቱ የበዓሉ ዓርብ በደረሰ ጊዜ አሞኛል ብላ ከቤት ለመዋል ቆርጣ ነበር፤ ይህንንም ለልጄ በምስጢር ነገረቻት። እኔ እናቲቱን ባገኘኋት ጊዜ ሥራው በእጅ ቢሠራ ወጪው ጥቂት መሆኑን፥ ሪባኑንም እንደምናካፍላት ብነግራት፥ ፈገግ ብላ «ወንድሜ፥ ገንዘቡንስ እበደር ነበር፤ ጊዜን ማን ያበድረኛል?» አለችኝ።

ይህ ቃል ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አስተማረኝ። ለሀብታም ጊዜ ትርፉ ነው፤ ለድኻ ግን ጊዜው ገንዘቡ ራሱ ነው፤ ሸጦት ይበላዋል። ስለዚህ «ለልጅህ ጊዜህን ስጥ» የሚለው ምክር «ለልጅህ ወርቅ ስጥ» ከሚለው እጅግ የማይርቅበት ቤት አለ። በገዛ እጃችን የሠራነውን እያሳየን የገዛውን ሰው ብንንቅ፥ ወይም ምንም ያልያዘችውን ልጅ እናቷ አልደከመችላትም ብለን ብናስብ፥ በገንዘብ መመካትን ትተን በጊዜ መመካት ጀመርን ማለት ነው፤ ኩራቱ ያው ነው፥ ልብሱን ብቻ ለወጠ።

በዚያው ማታ ልጄ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «አባዬ፥ የኔ እስከ ጉልበቴ ከሆነ የርሷ አለመኖሩ የበለጠ አይታይም ወይ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ አልሰጠሁም። እውነት ነውና። ጌጥ ብቻውን አይታይም፤ ከጎኑ ካለው ጋራ ይታያል። ሁሉ አጭር በለበሰበት ዘመን አጭሩ ያምር ነበር፤ አንዷ ስታረዝም የሌላይቱ፥ ሳይነካ ሳይቆረጥ፥ አጠረ። ማሞቹ እያደር እስከ ጉልበትና እስከ እግር የረዘሙት የአንድ ልጅ ፍላጎት እዚያ ድረስ ስለ ደረሰ አይመስለኝም፤ እያንዳንዷ ከጎኗ ካለችው እንዳታንስ ስለ ፈራች ይመስለኛል። በዚህ ውድድር ውስጥ ማንም ክፉ የለም፤ ልጁን የሚወድ ወላጅ ብቻ ነው ያለው። ከወላጆች ፍቅር ተጠራቅሞ ግን ለአንዲት ልጅ ከቤት መዋል ምክንያት የሚሆን ነገር ተሠራ። አስፈሪው ይህ ነው፤ ማንም ሳይበድል የተበደለ ሰው መገኘቱ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሌላት እንዳታፍር ብለን ሁሉንም እናስቀር ይሆን? ይህ ሐሳብ ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን የሌለውን ላለማሳዘን ያለውን ማክበር ከተውን በዓል የሚባል ነገር ከምድር ይጠፋል፤ ዕንቁጣጣሽም፥ ሠርግም፥ የልደት ቀንም አይቀርም። ሐዘንተኛ በሌለበት ቀን ብቻ እንደሰት ካልን ከቶ አንደሰትም። ደግሞስ ያቺ ልጅ የፈለገችው የሌሎቹ ጌጥ እንዲወልቅ አይደለም፤ ከነርሱ ጋራ መቆም ነው።

ወይስ ገዝተን እንስጣት? ይህም መልካም ነው፤ ችግረኛን መርዳት ከቶ አይነቀፍም። ነገር ግን በዐሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ምጽዋትን በደረቱ ላይ አንጠልጥሎ በባልንጀሮቹ መካከል መዋል ይከብደዋል። ጌጡን ያገኛል፥ ክብሩን ግን ይከፍልበታል። እንዲያ ከሆነ ዋጋው ከሱቁ ይበልጣል።

ሦስተኛው መንገድ ከጉንጉኑ ራሱ የመጣ ነው። ሪባን ሲካፈሉት ያልቃል፤ መጎንጎን ግን ሲካፈሉት አያንስም። አሮጊቲቱ እኔን ስላስተማሩ ከጣታቸው አንዳች አልጎደለም። ስለዚህ ልጄ ባልንጀራዋን ልትረዳት ሳይሆን እንድትረዳት ጠራቻት። የማጋነን አይምሰላችሁ፤ በእውነት የሚረዳ እጅ ያስፈልገን ነበር። ልጅቱ ፀጉር መሥራት ታውቅ ነበርና ጣቶቿ በአንድ ማታ ከኔ የሦስት ሳምንት ትምህርት በላይ ሄዱ። በሁለተኛው ማታ የተገለበጠውን ሪባን የምታሳየኝ እርሷ ሆነች። ማሞቹ ሁለት ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ተሠሩ፤ በርዝመትም እኩል ተቆረጡ። ይህንን የወሰኑት እነርሱ ናቸው፤ እኔ መቀሱን ብቻ አቀበልሁ። የልጄም ማም ከጉልበቷ ብዙ ከፍ ብሎ ቀረ።

እናቲቱም አንድ እሑድ ዕረፍት አግኝታ መጣች። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እየተከደነ አንድ ክንድ የማይሞላ ጉንጉን ሠራች። እኩል አልነበረም፤ ከላይ ጠብቆ ወደ ታች ላልቶ ነበር። ልጅቱ ፈትታ ልታስተካክለው ትችል ነበር፤ ነገር ግን አልነካችውም። ጫፉን ራሷ በሙጫ አሰረችና ከአበባው ሥር በፊት ለፊት ሰቀለችው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህንን የነገርሁህ ሁሉ ነገር በመልካም ተፈጸመ ለማለት አይደለም። በዚያ ዓርብ ማታ በጨዋታው ሜዳ ላይ ቃጭሉ ሲንጫጫ፥ ሪባኑ በነፋስ ሲውለበለብ፥ ሴቶቹ ልጆች አንዷ የሌላይቱን ስታደንቅ አየሁ፤ ደስም አለኝ። በደረጃው ጥግ ደግሞ አንዲት ልጃገረድ፥ ማታው ሞቃት ሳለ፥ ጃኬቷን እስከ አንገቷ ዘግታ ተቀምጣ አየሁ። አላውቃትም። ምናልባት ብርድ ይሰማት ይሆናል። ምናልባትም በደረቷ ላይ ምንም አለመኖሩ እንዳይታይ ይሆናል። አንድ ጠረጴዛ ሁለት ልጆችን ያስቀምጣል እንጂ ተማሪ ቤቱን ሁሉ አይችልም። ስለዚህ በአንድ ቤት የተደረገው በሌላው ቤት ካልተደረገ ነገሩ ገና አልተፈታም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ድኻ በሞላበት ዓለም ስለ ሪባን ይህን ያህል ማሰብ ምን ይባላል?» ይል ይሆናል። ተቃውሞው ከባድ ነውና በቀላሉ ልንዘለው አይገባም። የሚራብ ሰው በደጃችን ቆሞ ሪባን ብንጎነጉን በእርግጥ ኃጢአት ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ ችግር ረኀብ ብቻ አይደለም። ከሰው ተለይቶ መቆም፥ ሌሎች ሲከበሩ አለመቆጠር፥ ይህም ራሱን የቻለ ረኀብ ነው፤ ዳቦም አያጠግበውም። በዳቦ የሚረዳውን በዳቦ፥ በክብር የሚረዳውን በክብር መርዳት ይገባል። ደግሞም ልምዱን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ በትንሹ ነገር ጎረቤቱን ያላስተዋለ ሰው በትልቁ ነገር አያስተውለውም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ለአንድ ቀን ጌጥ ብዙ ሌሊት መድከም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ሲጠበቁ ነው። የመጀመሪያው፥ ድካሙ ስለ ሰው ማሰቢያ እንጂ ከሰው መብለጫ እንዳይሆን ነው። ይህንንም ለመለየት አንድ ቀላል መመርመሪያ አለ፤ ማንም ባያየው ኖሮ ይህን ያህል አደርገው ነበርን? ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። አላደርገውም ነበር የሚል መልስ ከመጣ፥ ከዚያ በላይ ያለው ርዝመት ለልጅ የተሠራ ሳይሆን ለጎረቤት ዓይን የተሠራ ነው፤ ቢቆረጥም አይጎዳም።

ሁለተኛው፥ ጌጡን ከመስጠት ጋራ ጥበቡንም መስጠት ነው። ያወቀ ሰው ያላወቀውን ወደ ጠረጴዛው ይጥራ፤ ሲጠራውም እንደ ተረጂ ሳይሆን እንደ ሠራተኛ ይጥራው፤ ትንሽ ጊዜ ብቻ ያለው ሰው ይዞ የመጣውን ትንሽ ጊዜ ከሌላው ብዙ ጊዜ ጋራ በአንድ ላይ ይስቀልለት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ አባቶች የተናገሩት ለዚህም ይሆናል። ለአንድ ደረት የከበደው ሪባን በብዙ ደረት ቢከፋፈል ማንንም አይከብድም፥ ማንንም አያሳፍርም።

ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን አስጊጡ፤ ደስታቸውን አትንፈጓቸው። ነገር ግን ልጃችሁን ከመስተዋት ፊት ከማቆማችሁ በፊት ከጎኗ የምትቆመው ማን እንደ ሆነች ጠይቋት። ወጣቶች ሆይ፥ ስማችሁ በሚያብለጨልጭ ፊደል ተጽፎ ሲወርድ ደስ ይበላችሁ፤ ስሙ ያልተጻፈውንም እጅ አስታውሱ። ጉንጉን የሚቆመው አንዱ ቀለበት ሌላውን ስለ ያዘ ነው፤ የመጨረሻውንም የሚይዝ ሰው እስኪገኝ ድረስ ሥራው አልቆአል አይባልም።